ባዶ ነው ያልኩት ካሴት

ባለፈው ሳምንት፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ብሎ ሰው ሁሉ ቤቱ በተከተተበት ቀን፣ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው ሜላት ስልኳን እያየች ገባች። ሜላት ነርስ ናት። ሥራዋን ትወዳለች፤ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ደግሞ ከሥራዋ አስበልጣ ትወዳለች። ስለዚህ እኔ ቤት ስትገባ በመጀመሪያ የምታየው ድስቱን ነው። ያን ቀን ግን ድስቱን አላየችውም።

“እትዬ የሺ፣ እርስዎ ስፓኒሽ ይችላሉ አሉ። እውነት ነው እንዴ?”

“ማን አለ?”

“ከድሮ ጀምሮ ያሉት ሠራተኞች። እነዚያ አሮጌዎቹ።”

“አሮጌዎቹ ካልሽ እኔም አለሁበት” አልኳትና ወንበር ሰጠኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋው ከስፔን የዓይን ሐኪሞች ይመጣሉ ተብሏል፤ ከእነሱ ጋር መሥራት የሚፈልግ ተመዝግቧል፤ ቋንቋውን ትንሽም ቢሆን የሞካከረ ቅድሚያ ያገኛል። ሜላት በምን እንደምትማር መምረጥ አቅቷታል። አንደኛው በስልክ እንደ ጨዋታ ነጥብ እየሰጠ የሚያስተምር ነው። ሌላው ምስል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ልብስ እያጠቡ ይሰሙታል። ጓደኛዋ ደግሞ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወፍራም መጽሐፍ ሰጥታታለች። “ሰው ራሱም አለ፣ በቪዲዮ ፊት ለፊት የሚያስተምር፤ ግን ኔትወርኩ ሲቋረጥ አፉን እንደከፈተ ይቀራል” አለችና ሳቀች። የትኛው እንደሚሻል እንድነግራት ፈልጋለች። እኔ መልሱን ሳስብ እሷ የድምፁን ትምህርት ከፈተችው። አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ በዝግታ ሰላምታ ሰጠ፣ ቆም አለ፣ እንድንደግምለት ጠበቀ።

ሜላት ደገመች። እኔ አልደገምኩም። ያ ቆም ብሎ መጠበቁ የት እንደወሰደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ራሴን አሞኛል ብዬ ድንቹን በሳህን አስይዤ ሸኘኋት።

በወታደሩ መንግሥት ዘመን ነው። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጤና ረዳት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ሐሙሲት ነው፤ ሐሙሲት ቆላ ነው ባይባልም ከደብረ ታቦር ጋር ሲተያይ ብርዱ ጨዋ ነው። ደብረ ታቦር ተመድቤ ስመጣ የመጀመሪያውን ጥቅምት በሁለት ጋቢ ነው የተወጣሁት። የተከራየሁት ክፍል የየኔታ ነበር። የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ግድግዳቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ተማሪዎቻቸው ትምህርታቸውን ሲቀጽሉ ድምፃቸው እኔ መስኮት ድረስ ይመጣል።

እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንድ ሐኪም ከኩባ መጣ። ዶክተር ራሞን ይባላል፤ ረጅም፣ ጢማም፣ ብርዱን ከእኔ እኩል የሚረግም ሰው ነው። እንግሊዝኛው ከእኔ የባሰ ነበር፤ የእኔም የሚያስመካ አልነበረም። ገበሬው ሆዱን ይዞ ይገባል፤ ዶክተሩ በእጁ ይጠይቀዋል፤ ገበሬው በእጁ ይመልሳል፤ እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱንም በእጄ አስተረጉማለሁ። በመስኮት ያየን ሰው እስክስታ የያዝን ሳይመስለው አይቀርም። እንዲህ ሆኖ አልዘልቅ ሲል ኃላፊያችን ሰበሰበንና፣ ዶክተሩ ከአንድ ወር በኋላ ራሱ ይፈትናችኋል፣ መሠረታዊ ስፓኒሽ የቻለ ከእሱ ጋር ይመደባል፣ የቀረው ገጠር ወዳሉት ክሊኒኮች ይበተናል አለን። እኔ የገጠሩን ክሊኒክ አውቀዋለሁ፤ ስድስት ወር ሠርቼበት በሁለት እግሬ የወጣሁት በጸሎት ነው።

ስለዚህ መማሪያ ፍለጋ ጀመርኩ። ዛሬ ሜላት የምትመርጠው በዛባት፤ ለእኔ ግን ምርጫው ያገኙትን መያዝ ነበር። መጀመሪያ ያገኘሁት ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ፣ ፊትና ኋላው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። አንድ ቃል ለማወቅ ሁለት ወንዝ መሻገር አለብኝ፤ ስሻገር ደግሞ ግማሹን ውኃው ይወስድብኛል። ቀጥሎ ኩባ ተምሮ የተመለሰ የሐሙሲት ልጅ የትምህርት መጽሐፉን አዋሰኝ። የመጀመሪያው ትምህርት እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ያስተምራል። ሁለተኛውም እርሳሱ አሁንም እዚያው መሆኑን ያረጋግጣል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ግን እርሳስ አልጠፋበትም፤ ጎኑን ነው የሚያመው። ቢሆንም በካርቶን ላይ እየጻፍኩ ግድግዳዬን ሞላሁት፤ ሄጄ ለዶክተሩ ስናገር ሰውዬው ጆሮውን ያዘ። ቃሉን አውቄዋለሁ፣ አፌ ግን የሐሙሲት ነው።

ምሬቴን ለየኔታ ነገርኳቸው።

“መጽሐፍ ነው ያልሽኝ የያዝሽው?” አሉኝ።

“አዎ የኔታ። ሁለት።”

“እኔ እስከ ዛሬ ዜማ ከመጽሐፍ የወጣለት ሰው አላየሁም። ተማሪ ከመምህሩ አፍ ሥር ይቀመጣል። መምህሩ ይላል፤ ተማሪው ይቀበላል። ሲስት ይታረማል፤ ደሞ ሲስት ደሞ ይታረማል። ልሳን በጆሮ ነው የሚገባ ልጄ። ያንን ሰውዬ ያዢው፣ አፉን ያዢው።”

ዶክተሩን ግን እንዴት ልያዘው? ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ያያል፤ ማታ ደክሞት ይተኛል። ያን ጊዜ ነው ቴፔ ትዝ ያለኝ። ወንድሜ ሥራ ስይዝ የገዛልኝ ጥቁር ቴፕ ነበረኝ፤ ድምፅ ይቀዳል። ዶክተሩ አንድ ጊዜ ቢናገርልኝ እኔ መቶ ጊዜ እሰማዋለሁ ብዬ ተደሰትኩ። ባዶ ካሴት ብቻ ነው የጎደለኝ፤ እሱንም ከባሕር ዳር በሚመላለስ አውቶቡስ ሹፌር አስላክሁ። ሐሙስ ይደርሳል ተባልኩ።

ቤቴ ውስጥ አንድ ካሴት ነበር። እሱ ግን የእኔ አልነበረም።

የካሴቱ ባለቤት እማማ አንጓች ናቸው። ከጉና ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት፣ ብርዱ ላም ከሚያስለቅስበት አገር ነው የሚመጡት፤ ወፍ ሳይንጫጫ በእግር ተነሥተው ገበያ ሲሞቅ ነው ደብረ ታቦር የሚገቡት። ባላቸው ሞቶባቸዋል። አንዲት ሴት ልጅ ድረዋል፤ ሞላ የሚባለው ወንድ ልጃቸው ለውትድርና ተወስዶ ግንባር ነው። በጥቅምት አንድ የገበያ ቀን፣ በሽተኛው መሐል ተሰልፈው ቆይተው ተራቸው ሲደርስ ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

“አላመመኝም። ይኼ የሚናገርበት ዕቃ አንቺ ዘንድ አለ አሉኝ።”

ሞላ ለፈቃድ በመጣ ጓደኛው እጅ የላከው ካሴት ነው። በምሳ ሰዓት ክፍሌ ወስጃቸው ከፈትኩላቸው። “እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ደህና ነሽ ወይ?” አለ ድምፁ። እማማ አንጓች ከተቀመጡበት ዱካ ብድግ አሉ። “ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዜር ይመስገን። አንተስ?” አሉት። እሱም፣ እንደሚመልሱለት ያውቅ ይመስል፣ ቆም ብሎ ነበር የሚያወራው። እህቱን ጠየቀ፤ “ወልዳለች፣ ወንድ ነው” አሉት። አጎቶቹን በየስማቸው ጠራ፤ እየተከተሉ “ደህና ናቸው” አሉለት፤ የሞተው አጎቱ ጋ ሲደርስ ዝም አሉ። ቦራው በሬ እንዳይሸጥ አዘዘ። የታችኛውን ማሳ ገብስ፣ የላይኛውን ድንች አድርጉት አለ። ጫማ ተሰጥቶኛል፣ ግን ይሰፋኛል፣ በሁለት ካልሲ ነው የምሄድበት አለና ሳቀ። ሳቁ ድንገት ነው የሚመጣው፣ በአፍንጫው ጀምሮ በሳል ይጨርሳል። እኔም ሳቅሁ። “ቆይ አንቺ፣ እያወራን ነው” ብለው ተቆጡኝ።

ሲያልቅ ካሴቱን ሳሙትና መልሰው ሰጡኝ። “ቤቴ ጭስ ነው፣ አይጥ ነው። አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ። በየገበያው እየመጣሁ እሰማዋለሁ። አደራ።”

“ይሁን እማማ” አልኳቸው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ሲሰሙት የሚቀል ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሁልጊዜም ለእኔ ድንች ወይም የገብስ ቆሎ ይዘው ነው። በአራተኛው ጊዜ ሞላ ከመናገሩ ቀድመው እየመለሱለት ነበር።

ከዚያ ሐሙስ በፊት በዋለው ረቡዕ እንዲህ ሆነ። ዶክተር ራሞን ድንገት ወደ ጎንደር ተጠራ፤ እስከ ፈተናው ዋዜማ አይመለስም። መኪና እስኪመጣለት ድረስ ጊዜ አለኝ፣ ቴፕሽን አምጪ አለኝ። ቤቴ ቅርብ ነው፤ ሮጬ አመጣሁት። የእማማ አንጓች ካሴት ውስጡ ነበር። ሐሙስ የሚመጣው ባዶ ካሴት ገና መንገድ ላይ ነው። የዘፈን ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ከጤና ጣቢያው ብዙም አይርቅም፤ እሱን ገዝቼ እቀዳበት ነበር። መሮጥ እችል ነበር፤ ወጣት ነበርኩ። አልሮጥኩም። የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ምንም እንዳልነበረበት አውቅ ስለነበር እሱን አዙሬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።

ዶክተሩ ጥሩ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። ሰላምታ ተናገረ፣ ቆም አለ፣ እኔ ደገምኩ፤ ስስት አረመኝ። ቁጥር፣ ቀን፣ ወንድና ሴት፣ ተቀመጥ፣ ተነሥ። የኔታ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ለበሽተኛ የሚጠየቀው ጋ፣ ዋናው ነገር ጋ ስንደርስ ቴፑ ቋ ብሎ ቆመ። መኪናው አልመጣም። ዶክተሩ ገና ሞቅ ብሎታል። ጣቱን ገልበጥ አድርጎ ካሴቱን እንዳዞረው አሳየኝ፤ ወዲያው ግን ምን እንደታየው አላውቅም፣ “ኤስታ ባሲዮ?” ብሎ ጠየቀኝ። ባዶ ነው ወይ ማለቱ ነው። ቃሉ ገባኝ፤ ከትንሽ ቀደም ብሎ የውኃ ጆግ ገልብጦ አስተምሮኛል።

እዚህ ጋ ረጅም ጊዜ ያሰብኩ እንዲመስል አልፈልግም። ያሰብኩት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ሞላ በሕይወት አለ፣ ሌላ ይልካል አልኩ። እሳቸው እንደሆነ በቃላቸው ይዘውታል አልኩ። የገጠሩ ክሊኒክ ጣራ ሲያፈስ ታየኝ።

“ሲ፣ ኤስታ ባሲዮ” አልኩት። በስፓኒሽ ሳልንተባተብ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሸት ነበር። ዶክተሩ አጨበጨበልኝ፤ ካሴቱን አዙሬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።

የገበያው ቀን ደረሰ። እማማ አንጓች ጭቃ የነካው እግራቸውን በሣር ጠርገው ገቡ። ባትሪው አልቋል እማማ አልኳቸው። “ውይ፣ እሱም ያልቃል ለካ” አሉና ቆሎውን ሰጥተውኝ ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አራት ባትሪ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። ዶሮዋን ሸጠው ነው የገዙት፤ እንዲያውም ዕንቁላል ቀንሳ ነበር አሉኝ። እኔ የምገባበትን መሬት ፈለግሁ። ባትሪ ከመጣ ሌላ ውሸት ያስፈልጋል፤ “ቴፑ ራሱ ተበላሽቶ ባሕር ዳር ላክሁት” አልኩ። ቴፑ አልጋዬ ሥር፣ ከእግራቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ በፎጣ ተሸፍኖ ነበር።

“እንግዲያ ባትሪው ይቀመጥ። ሲሠራ ይሆነዋል” ብለው ትተውልኝ ወጡ።

በእነዚያ ባትሪዎች ነው ስፓኒሽ ያጠናሁት። ይህን ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ዘልዬዋለሁ። በየቀኑ ከሥራ መልስ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ደግፌ የዶክተሩን አፍ ያዝኩ፤ ሲቆም እደግማለሁ፣ ሲቆም እደግማለሁ። በፈተናው ቀን አንደኛ ወጣሁ። ኃላፊያችን እጄን ጨበጠኝ፤ የኔታ “አላልኩሽም?” አሉኝ።

በሦስተኛው ጊዜ እማማ አንጓች ሳቅ ሳቅ እያላቸው መጡ። የመንደራቸው ቄስ ልጅ ቴፕ ይዞ ከአዲስ አበባ ገብቷል። ጠላ ጠምቀዋል፤ እሁድ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሞላን ሊሰማ ነው። “ካሴቴን ስጪኝ” አሉ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እማማ፣ አንድ ነገር አለ አልኩ። “ተዪው፣ ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ፣ ይመሽብኛል” አሉኝ። እኔም ተውኩት። ካሴቱን አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ሳሙት፣ ጉያቸው ከተቱት፣ ሄዱ። መንገዱን እስኪይዙ በበሩ ቆሜ አየኋቸው። ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር፤ አሁንም አልሮጥኩም።

እሁድን እንዴት እንደዋልኩ አልናገርም። ሰኞ ጠዋት እሳቸው ጤና ጣቢያው በር ላይ ከበሽተኞቹ ጋር ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ሰኞ ገበያ የለም። ተራቸው ሲደርስ ገብተው ከዶክተሩ ፊት ተቀመጡ፤ እኔ በአዲሱ ሥራዬ ከአጠገቡ ቆሜያለሁ። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ፣ ለሁሉም እንደሚለው፣ “ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?” አላቸው።

እማማ አንጓች ደንገጥ ብለው ቀና አሉ። “ይኼ ነው። ድምፁ ይኼ ነው” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ምንድን ነው የሚለኝ?”

“የት ጋ ነው የሚያምዎት ነው የሚለው” አልኩ።

“እስቲ ንገሪው” አሉኝ። “የት ጋ እንደሚያመኝ ንገሪው።”

ዶክተሩ ይጠብቃል። እኔ ያን ሁሉ የአካል ክፍል ስም ያለ ስህተት አውቃለሁ። “ራሷን ነው” አልኩት በስፓኒሽ። የራስ ምታት ኪኒን አዘዘላቸው፤ ተቀብለው፣ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው አመስግነውት ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ከግቢው የባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ሣር በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቴፑ ሲከፈት የፈረንጅ ንግግር እንደወጣ፣ እሱ አንድ ሲል አንዲት ሴት ተከትላ አንድ ስትል እንደሰሙ፣ ልጆቹ ሲስቁ ቄሱ እንደገሠጿቸው፣ ገልብጠው ቢያደርጉትም ያው እንደሆነ ነገሩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ያየሁት ልመና የሚመስል ነገር ነው።

“ሳታውቂ ነው አይደል?” አሉኝ። “ሳታውቂ ነው የጠፋብሽ።”

የምሻገርበትን ድልድይ ሠርተው ሰጡኝ። “አዎ እማማ” አልኩ። “ሳላውቅ ነው። ይቅር ይበሉኝ።” እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አለቀስኩ፤ ልቅሶዬ እውነት ነበር።

“ተነሽ፣ ተነሽ። ሰው ነሽ” አሉና አነሡኝ። ዓይኔን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። ከዚያ አንድ ያላሰብኩት ነገር አመጡ። “አራት ጊዜ አብረሽኝ ሰምተሽዋል። እስቲ በይልኝ።”

“ምኑን?”

“የሞላን ቃል። የዚያን ሰውዬ ቋንቋ ይዘሽ የለ እንዴ? የእኔ ልጅማ በአማርኛ ነው የተናገረው።”

ሞከርኩ። ሰላምታውን አልኩ። ቦራውን አልኩ፣ ጫማውን አልኩ። ሌላው የለም። አጎቶቹን በቅደም ተከተል መጥራት አልቻልኩም፤ ማሳዎቹን አዘዋወርኳቸው። “እንዲህ አላለም” ብለው አረሙኝ። እሳቸው አንድ ቃል አልጠፋባቸውም። “እኔ አርጅቻለሁ። ነገ እረሳው ይሆናል፤ ወይ እሞታለሁ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትይዢዋለሽ” አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጾሙ ገብቶ እስኪፈታ ድረስ በየገበያው እየመጡ የኔታ ግድግዳ ሥር ያስቀምጡኝ ነበር። አንድ ሐረግ ይሉና ቆም ይላሉ፤ እደግማለሁ። ስስት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ጫማው ጋ ስደርስ፣ “እዚህ ጋ ይስቃል። ሳቂ” ይሉኛል። መሳቅ አለብኝ። “እንዲህ አይደለም፣ በአፍንጫው ነው” ይላሉ፤ እንደገና እስቃለሁ። ሱሪ የጠበበው ሰው ይመስል ስሽቆጠቆጥ እሳቸው በትዕግሥት ይጠብቁኛል። የኔታ ከዱካቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። “ይኼ ነው ትምህርት ማለት” ብለው መረቁን። ምርቃታቸው ቆዳዬን አሳከከኝ።

ሞላ አልመጣም። ሌላ ካሴትም አልላከም። ጦርነቱ አልቆ ወታደሮች በእግራቸው እየተጎተቱ በአስፋልቱ ሲያልፉ እማማ አንጓች ስንት ቀን መንገድ ዳር ቆመው የእያንዳንዱን ፊት አዩ። መርዶ እንኳ የሚያረዳቸው አልተገኘም።

እኔ ከዶክተር ራሞን ጋር ሁለት ዓመት ሠራሁ። በዚያው ሳቢያ ገጠሩ ቀረልኝ፣ ተማርኩ፣ ነርስ ሆንኩ፣ ቤት ሠራሁ። ስፓኒሹ ሰውዬው ከሄደ በኋላ እየተነነ ሄዶ ጥቂት ቃል ነው የቀረኝ። ያን ካሴት ምን እንዳደረጉት ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እማማ አንጓች ጠና ብሎባቸዋል ሲባል ወደ ጉና ወጣሁ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አጠናሁ። አውቄ ነው፤ ሰውዬው ጠይቆኝ ነበር፤ ባዶ ነው አልኩት። ይህን ያህል አጭር ነው፤ ለሕፃን እንኳ አይከብድም። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ገና ደፉን ስረግጥ ድምፄን ለዩና፣ “ነይ ወዲህ” አሉኝ፤ ለሰዉ ዞር ብለው ደግሞ፣ “የሞላን ቃል የያዘችልኝ ይቺ ናት። ሳታውቅ ጠፍቶባት ነበር፤ በአፏ መለሰችልኝ። ክፉ አትበሏት” አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ “በይልኝ” አሉኝ።

አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በየመሐሉ መለሱለት፤ ደህና ነኝ ልጄ፣ ወልዳለች ልጄ። ጫማው ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ። በመንገድ ያጠናሁትን ሌላውን ነገር ይዤው ወረድኩ። በሳምንቱ አረፉ።

ሜላት አሁን ከግድግዳው ማዶ ሆና ከስልኳ ጋር ስታወራ እሰማታለሁ። የድምፁን ትምህርት መርጣለች። የትኛው ይሻላል ብላ ደግማ ስትጠይቀኝ እሱን ያዢ አልኳት፤ ምክሩ ትክክል ነው። ለምን እንደማውቅ ግን አልነገርኳትም። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ አልጠራም። አንዳንዴ ያን ቀን ቢቆጡኝ፣ አደራ በላ ብለው ገበያ መሐል ቢያዋርዱኝ፣ ይሄኔ ረስቼው ነበር እላለሁ። ይህም ራሴን ማባበል ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው ያን ድልድይ ስለሠሩልኝ አይደለም የተሻገርኩበት፤ መሻገር ስለፈለግሁ ነው።

በየዓመቱ ሴት ልጃቸው ለእናቷና ለወንድሟ ትዘክራለች። እኔ ካልመጣሁ ጠበሉ አይቀመስም። የዘንድሮው የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ትናንት ደውለውልኛል። ሄጄ ከቄሱ አጠገብ፣ በክብር ቦታ እቀመጣለሁ። የልጅ ልጆቹ የማያውቁትን አጎታቸውን ለመስማት ዝም ይላሉ፤ እኔም አንድ ቃል ሳላጓድል የሞላን ሰላምታ አደርሳለሁ። ሳቁ ጋ ስደርስ፣ እዚህ ጋ ይስቅ ነበር ብዬ አልፋለሁ። ስጨርስ ሁሉም ይነሡና፣ “እግዜር ይስጥልን እትዬ የሺ” ይሉኛል።

“አሜን” እላለሁ።